ካርቡሬተሯን ራሴ ልፍታት ወይስ ከፍዬ ላሰራት?

ጥያቄ ከደብረ ብርሃን

ጋሼ እንዴት ነህ፣ አምድህን ሁሌም ነው የማነበው። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፣ ቤቴ ደብረ ብርሃን ነው፣ ስራዬ ግን ግማሹ ሸዋ ሮቢት ስለሆነ በሳምንት ሁለቴ አንዳንዴም ሶስቴ ጣርማበርን ወርጄ እወጣለሁ። የምነዳው ከጨረታ የገዛኋትን ያማሃ ኤጂ 100 ሞተርሳይክል ነው። ችግሬ ምን መሰለህ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ምንም አይወጣላትም፣ ደብረ ብርሃን ላይ ግን ጠዋት ስትነሳ ትንተባተባለች፣ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ሽቅብ ስወጣ ደሞ ነዳጅ ሙሉ በሰጠኋት ቁጥር ትታፈናለች፣ ትንሽ ቀነስ ሳደርግላት ይሻላታል። ከኋላዋ ጥቁር ጭስ አለ፣ ካንዴላውን ሳወጣው ጥላሸት ለብሷል። እዚህ ያለ መካኒክ ጄቱን ሁለት ቁጥር ዝቅ አድርጌ ልቀይርልህ፣ 3500 ብር አለኝ። ጓደኛዬ ደሞ ይሄማ ሃያ ደቂቃ የማይፈጅ ስራ ነው ራስህ ስራው ይለኛል። እኔ ካንዴላ መቀየርና ሰንሰለት ማጥበቅ እችላለሁ እንጂ ካርቡሬተር ከፍቼ አላውቅም። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ

ወንድሜ፣ ራስህ ስራው። ይሄን የምልህ ግን 3500 ብሩ እንዲተርፍህ ብዬ ብቻ አይደለም፣ ዋናው ምክንያቴ መካኒኩ ሞተርህን የሚሰማት እዛው ደብረ ብርሃን ግቢው ውስጥ መሆኑ ነው። ሸዋ ሮቢት ድረስ ይዘሃት የምትወርደው አንተ ነህ። እሱ ግቢው ውስጥ አስነስቶ፣ አስፋልቱ ላይ አንዴ ደርሶ መልስ ነድቶ፣ በጣም አሳምሮ ሊያስተካክልልህ ይችላል፣ ክፉ ሰው ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን ያ ግቢ 2800 ሜትር ላይ ነው ያለው፣ አንተ ደሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ3000 ሜትር በላይ ወጥተህ ጣልያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፈህ ወደ 1300 ሜትር ትወርዳለህ። ለአንዱ ከተማ ልክ የሆነች ጄት ለሌላው ልክ አትሆንም፣ የአንተ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርቡሬተር ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ዕቃ ነው፣ ጄት የምንላት ደሞ ውስጡ ያለች ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽዬ የናስ ብሎን ናት። ቀዳዳዋ አይሰፋም አይጠብም፣ አየሩ ነው የሚቀየረው። ደብረ ብርሃን ላይ ከባህር ጠረፍ አየር ሩብ ያህሉ የለም፣ ውሃ ራሱ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው የሚፈላው፣ ለዛ ነው እዛ ባቄላ እስኪበስል እናቶች የሚማረሩት። ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ጉድለቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ጄቷ ግን ያንኑ ቤንዚን ነው የምትለቀው ማለት ይቻላል፣ ስለዚ ላይ ስትወጣ ቤንዚኑ ይበዛባታል፣ ያልተቃጠለው ጥቁር ጭስና ጥላሸት ይሆናል፣ ነዳጅ ቀነስ ስታደርግላት ሚሻላትም ለዚሁ ነው። የነገርከኝ ምልክት ሁሉ አንድ ነገር ነው ሚለው፣ ሞተርህ ለቆላው ልክ ናት፣ ለደጋው በዝቶባታል።

እና አሁን በጣም ልብ በልልኝ። ቤንዚን መብዛት ካንዴላ ያጠቁራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ያበሳጫል፣ ሞተር ግን ቶሎ አይገድልም። ቤንዚን ማነስ ግን ይገድላል፣ በተለይ እንደ ኤጂ 100 ያለ ቱ ስትሮክ (ዘይትና ቤንዚን አብሮ የሚያቃጥል ሞተር) ሲሆን። ቤንዚኑ ሲያንስ እሳቱ በጣም ይግላል፣ ፒስተኑ ያብጣል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል፣ የኋላ ጎማው ድንገት ቀጥ ይላል። እኔ ደርሶብኛል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ጋራዥ ዲቲ 125 ሞተሬን ለከተማው ቤንዚን ቀንሶ አስተካከለልኝ፣ እውነት ለመናገር ከተማ ውስጥ እንደዛ ጥሩ ሄዳ አታውቅም፣ ከዛ ወደ አዋሽ ወረድኩ። አዋሽ ሰባት 1000 ሜትር አካባቢ ነው ሙቀቱም ታውቀዋለህ። ሜዳው ላይ ሙሉ ነዳጅ ሰጥቻት እየሄድኩ ድምጿ መጀመሪያ ቀጠነ፣ እንደ ፉጨት ሆነ፣ እኔ ደስ ብሏት መስሎኝ ነበር፣ ከዛ ኋላዬ ተንሸራተተ። ፍሪሲዮኑን ባልይዝ ኖሮ እወድቅ ነበር። ፒስተኑን ስናወጣው ጎኑ ላይ ጣት የሚያህል ጭረት ነበረበት። ያ ጋራዥ ስራውን አላበላሸም፣ ለአዲስ አበባ ነበር ያስተካከለው፣ ወደየት እንደምወርድ ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩም።

ስለዚ ሁለት ቁጥር ዝቅ ልበልልህ ያለህን አትቀበል። ጄት የሚመረጠው ለምትወርድበት ለዝቅተኛው ቦታ ነው፣ ላይ ስትወጣ ትንሽ ብትታፈን ታገሳት።

ደሞ አንድ እውነት ልንገርህ፣ ጄት መቀየር ጣርማበር ላይ የጠፋውን ጉልበት በሙሉ አይመልስልህም። አየሩ ሩብ ከጎደለ ጉልበቷም በዛው ልክ ይጎድላል፣ ጄት የሚመልሰው ቤንዚን በመብዛቱ በላዩ ላይ የጠፋውን ብቻ ነው። ይሄን ካላወቅህ ወደ ላይ ስትወጣ ደክማ ባየሃት ቁጥር አንድ ቁጥር እየቀነስክ እየቀነስክ ትሄድና ሸዋ ሮቢት ላይ እኔ የሆንኩትን ትሆናለህ።

ስራውን ስትጀምር ካርቡሬተሩን ቶሎ አትክፈት። መጀመሪያ ፊልትሮውን አውጣ፣ ስፖንጅ ነው፣ በነጭ ጋዝ ወይም በሳሙና ውሃ እጠበው፣ በደንብ አድርቀው፣ ለስለስ አድርገህ ዘይት አስነካውና መልሰው። የዛ መንገድ አቧራ ፊልትሮ እንዴት እንደሚደፍን አንተ ከኔ በላይ ታውቃለህ፣ የተደፈነ ፊልትሮ ደሞ ልክ ያንኑ ጥቁር ጭስና ያንኑ መታፈን ነው የሚያመጣው። ቾኩ (ጠዋት ስታስነሳት ቤንዚን የሚያበዛላት) ሙሉ በሙሉ መመለሱን እይ፣ ሳይመለስ ተንጠልጥሎ የሚቀር ቾክ ስንቱን ጄት አስቀይሯል። ካንዴላውን በማኑዋሉ ላይ ባለው ቁጥር አዲስ አስገባ። ቤንዚኑንም በሃይላንድ መንገድ ዳር ከሚሸጠው ሳይሆን ከማደያ ቅዳ፣ ከነጭ ጋዝ የተደባለቀ ቤንዚን እያቃጠልክ ስለ ጄት ማውራት አይቻልም። ይሄን ሁሉ አድርገህ አንድ ሳምንት ንዳት። በኔ ግምት ግማሹ ችግር እዚህ ላይ ይፈታል።

ሳይፈታ የቀረ ካለ ገንዘብ የማያስወጣ ሌላ እርምጃ አለ፣ እሱም የመርፌው ክሊፕ ነው። የካርቡሬተሩን ክዳን ከላይ ፈተህ ስታወጣው ከነዳጁ ገመድ ጋር የተያያዘ ስላይድ ይወጣል፣ ከስሩ ረጅም ቀጭን መርፌ አለው፣ መርፌው አናት ላይ ብዙ ጊዜ አምስት ትንንሽ እርከን አለ፣ ክሊፕ አንዱ ላይ ተሰክቷል። ክሊፑን አንድ እርከን ወደ ላይ ስታወጣው መርፌው ዝቅ ይላል፣ ቤንዚኑም ይቀንሳል። የት እንደነበረ ግን ሳትነካው በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ። መርፌው የሚቆጣጠረው ነዳጁን ከሩብ እስከ ሶስት ሩብ ስትሰጥ ያለውን ነው፣ ማለትም አብዛኛውን ቀን የምትነዳበትን። ፓይለት ጄቱ ሚኒሞውንና (ነዳጅ ሳትሰጣት ቆማ ስትሰራ ያለውን) አነሳሷን ይይዛል፣ ሜይን ጄቱ ደሞ ሙሉ ስትሰጣት ብቻ ነው የሚሰማህ። ስለዚ የምትታፈነው ሙሉ ስትሰጣት ብቻ ከሆነ ጉዳዩ ሜይን ጄት ነው፣ መሃል ላይም ከሆነ መርፌ ነው። ጠዋት ላይ መንተባተቧ ደሞ ምናልባት የሚኒሞ የአየር ብሎን ሩብ ዙር መክፈት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ክሊፑ አልበቃ ካለ አንድ ቁጥር ብቻ ዝቅ ያለ ሜይን ጄት ግዛ። አሮጌዋን ሳታወጣ ቁጥሯን አንብብ፣ አናቷ ወይ ጎኗ ላይ ተቀርጿል፣ የካርቡሬተሩንም ስም እይ። ሚኩኒ ጄቶቹን የሚቆጥረው በሚያፈሱት ቤንዚን መጠን ነው፣ ኬሂን በቀዳዳው ስፋት ነው፣ ስለዚ የአንዱ 120 የሌላው 120 አይደለም፣ ሻጩ ያው ነው ቢልህ አትስማው።

የቤንዚን መዝጊያውን ዝጋ፣ ውጪ በአየር ላይ ስራው፣ ሲጋራም እሳትም አጠገብህ አይኑር። ጄቷ ያለችው ካርቡሬተሩ ስር ባለችው የቤንዚን መያዣ ኩባያ ውስጥ ነው፣ ኩባያዋን የያዙት ብሎኖች መስቀል ቢመስሉም የጃፓን መስቀል ናቸው፣ ተራ ካቻቢቴ ጫፉ ሹል ስለሆነ ስር አይደርስም፣ ያንሸራትትና አናታቸውን ይበላዋል። ብዙ ሰው ካርቡሬተር የሚያበላሸው ጄቱ ላይ ሳይሆን እዚህች ብሎን ላይ ነው። ካልተገኘ የተራውን ጫፍ ትንሽ ሞርደህ ደልደል አርገው፣ በደንብ ወደ ታች ተጭነህ ነው የምትፈታው። ጄቷ ናስ ስለሆነች ለስላሳ ናት፣ ስንጥቋን ሙሉ የሚሞላ ካቻቢቴ ተጠቀም፣ ስትመልሳት በጣትህ እስኪያቆም አስገብተህ ከዛ ለስለስ አድርገህ ብቻ አጥብቅ። የኩባያዋ ጓርኒሲዮን ከተቀደደ ይንጠባጠባል፣ አብረህ ግዛ።

ከዛ ፈተናው ሸዋ ሮቢት ላይ ነው፣ ደብረ ብርሃን አይደለም። ሞተሯ በደንብ ከሞቀች በኋላ ሜዳው ላይ ሰው በሌለበት ለጥቂት ደቂቃ ሙሉ ነዳጅ ስጣት፣ ከዛ ነዳጁን ሳትመልስ ሞተሩን አጥፋ፣ ወዲያው ፍሪሲዮን ያዝ፣ ዳር ቁምና ካንዴላውን አውጣ። ለስለስ ብሎ የተቆላ ቡና ቀለም ከሆነ ጥሩ ነው። ነጭ ወይም አመድ የመሰለ ከሆነ አሮጌዋን ጄት እዛው መንገድ ላይ መልሳት፣ እስከ ቤት ልድረስ አትበል። አሮጌዋን ጄትና ካቻቢቴውን ኪስህ ውስጥ የምትይዘው ለዚህ ነው። ከጣርማበር ቁልቁል ስትወርድ ደሞ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ዘግተህ በማርሽ ብቻ ረጅም አትውረድ፣ ዘይቱን የሚያስገባው ፓምፕ ነዳጅ ሲዘጋ እሱም ይቀንሳልና በየመሃሉ ፍሪሲዮን ይዘህ ትንሽ ነዳጅ ስጣት።

መካኒክ ጋ የምትሄድበት ጊዜ አለ። ብሎኑ አናቱ ከተበላ፣ ቤንዚን ከኩባያዋ በላይ ሞልቶ የሚፈስ ከሆነ፣ ወይም ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ጎማ ተሰንጥቆ አየር የሚያስገባ ከሆነ ክፈልና አሰራ። ስትሄድ ግን ሸዋ ሮቢት እንደምትወርድ አስቀድመህ ንገረው።

ጥያቄ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ

ሰላም ወንድም። ሂውስተን ያለው ወንድሜ የ1997 ሆንዳ ናይትሃውክ 750 ሰጠኝ፣ ምንም ያልተነካካ፣ ማርሚታውም የፋብሪካው ነው። በመከር አምጥቼው ክረምቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ቤንዚኑ እንዳለ ቆመ። አሁን ያለ ቾክ ሚኒሞ አይዝም፣ ቾክ ሳወጣለት ይሰራል፣ ሃይዌይ ላይ ግን ምንም አይልም። አንድ ሾፕ ወስጄው ዴንቨር ከፍታ ስለሆነ አራቱም ካርቡሬተር ሪጄት መደረግ (ጄታቸው መቀየር) አለበት ብለው 900 ዶላር ጠየቁኝ። ራሴ ልስራው?

መልስ

ወንድሜ፣ ራስህ አትስራው፣ ግን ሪጄትም አታስደርገው። የነገሩህ ምክንያት ከምልክቱ ጋር አይገጥምም። ከፍታ ቤንዚን ያበዛል፣ ቾክም ቤንዚን ያበዛል፣ ከፍታው ቢሆን ኖሮ ችግሩ ቾክ ስታወጣ ይብስበት ነበር። ያንተ ደሞ በቾክ ይሻለዋል፣ ስለዚ ሚኒሞ ላይ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ክረምቱን የቆመ ቤንዚን ሲተን የሚተወው ሙጫ ፓይለት ጄቶቹን ደፍኗቸዋል፣ የነሱ ቀዳዳ በጣም ጠባብ ነው፣ ሜይን ጄቱ ሰፊ ስለሆነ አልተደፈነም፣ ለዛ ነው ሃይዌይ ላይ ምንም የማይለው።

ዴንቨርና አውሮራ ደሞ 1600 ሜትር ቢሆኑ ነው። የሆንዳ ማኑዋሎች የከፍታ ማስተካከያ የሚሉት ከ2000 ሜትር በላይ ለሚነዳ ነው፣ ያንተ ካርቡሬተር ደሞ ስላይዱን የሚያነሳው ገመድ ሳይሆን የሞተሩ መሳብ ስለሆነ የአየሩን መሳሳት ትንሽ ራሱ ይቋቋማል። ቅዳሜ ቅዳሜ ላቭላንድ ፓስ 3600 ሜትር ድረስ ብትወጣ እንኳን እዛ ላይ ትንሽ ቢሰንፍ ነው።

መጀመሪያ ርካሹን ሞክር። ከአራቱም ኩባያ ስር ያለውን የማፍሰሻ ብሎን ከፍተህ አሮጌውን ቤንዚን አፍስስ፣ ታንኩንም ባዶ አድርግ፣ ትኩስ ቤንዚን ከካርቡሬተር ማጽጃ ጋር ሙላና ሁለት ሶስት ቀን ንዳው። ስስ ሙጫ ከሆነ ይለቃል።

ካልለቀቀ መከፈት አለበት፣ እዚህ ጋ ነው ክፈል የምልህ። ከላይ ያለው ወንድማችን አንድ ካርቡሬተር ነው ያለው፣ ቢሳሳት አንዲት ጄት መልሶ ያስገባል። አንተ ግን አራት አንድ ላይ የታሰሩ አሉህ፣ ከሰላሳ ዓመት ገደማ በኋላ የደረቁ ጎማዎች ውስጥ ገብተዋል፣ ማውጣቱ ቀኑን ይበላል መመለሱ ይብሳል። ከተመለሱ በኋላ ደሞ አራቱም እኩል እንዲስቡ በቫኪዩም ጌጅ (መሳባቸውን በሚለካ መሳሪያ) መመጣጠን አለባቸው፣ ይሄ በጆሮ አይሰራም። ጌጁን ገዝተህ በየዓመቱ የምትጠቀምበት ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ለአንዴ ግን አያዋጣህም።

ሾፑን ሪጄት ሳይሆን አራቱንም አጽዱልኝ፣ ፓይለት ጄቶቹን አውጥታችሁ አሳዩኝ፣ የፋብሪካውን ጄት መልሱ፣ ከዛ አመጣጥኑልኝ በላቸው፣ ዋጋውንም በዛ መልክ ጻፉልኝ በል። ያለ ሪጄቱ ዋጋው ካልቀነሰ ሌላ ሾፕ ጠይቅ፣ የሰዓታቸው ዋጋ ከ100 ዶላር በላይ በሆነበት አገር አንድ ስልክ መደወል ብዙ ያተርፋል። ካርቡሬተሮቹን ራስህ አውጥተህ በእጅህ ብትወስድላቸው የሚቀንሱ አሉ፣ ጊዜ ካለህ ይሄ ጥሩ መሃል መንገድ ነው፣ አራቱን ግን እርስ በርስ አትፈታታቸው። ለሚቀጥለው ክረምት ታንኩን ሞልተህ ቤንዚኑ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ማረጋጊያ ጨምርበት፣ ማረጋጊያው ካርቡሬተሮቹ ውስጥ እንዲደርስ ትንሽ ንዳው፣ ከዛ ኩባያዎቹን አፍስሳቸው።

አጭር ጥያቄ ከባህር ዳር

ቦክሰር 150 አለኝ፣ መካኒኬ አልሄድ ስትል ሜይን ጄቷን በመሰርሰሪያ አሰፋት። አሁን ትሄዳለች ግን ቤንዚን ትጨርሰኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ

እህቴ፣ የሰፋች ጄት አትጠብም። የሰርሳሪው ጭረት ውስጧ ስለሚቀር ቁጥሯ ከአሁን በኋላ ምንም ትርጉም የለውም፣ ማንም ሰው ከዛ ተነስቶ ሊያስተካክልልሽ አይችልም። መጀመሪያ ለምን አልሄድ እንዳለች ነበር መጠየቅ የነበረበት፣ ምናልባት ቆሻሻ ገብቶባት ነው። ጄት የሚጸዳው በታመቀ አየርና በማጽጃ ነው፣ ሽቦ እንኳን አይገባባትም። በፋብሪካው ቁጥር አዲስ ጄት ግዢ፣ ኦሪጅናል እንዲሆን፣ የታንኩን ስርና የቤንዚን መስመሩን ፊልትሮ አሳጥቢ፣ ያቺን የተሰረሰረችዋን ደሞ ማንም መልሶ እንዳያስገባት ከመካኒኩ ተቀብለሽ ጣያት።